ለገብርኤል የተሰጠ ሰው

እኛ አገር ሰው ሲበደል መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌው ካልሆነለት ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ፖሊሱም ካልሆነለት ወደ ታቦት። የታቦቱ መንገድ ከሁሉም አጭር ነው። ማመልከቻ የለው፣ ቀጠሮ የለው፣ «ነገ ተመለስ» የሚል ዘበኛ የለው። ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ «ይህን ያደረገብኝን ላንተ ሰጥቻለሁ» ማለት ነው፤ አለቀ። ከዚያ ተበዳዩ ቤቱ ገብቶ ይጠብቃል፤ መንደሩም በማን ላይ ምን እንደሚወርድ ዐይኑን ተክሎ ይጠብቃል። ዓመትም ቢሆን ይጠብቃል፤ በዚህ በዚህስ መንደሩ ትዕግሥት አያጣም።

እኔ አሰላ ከተማ የኮምባይን መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። ችንጋና ኩሽኔታ ሳነሳና ሳስቀምጥ ነው የምውለው፤ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ለማስተማር ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። ቂመኛም ነኝ፤ የበደለኝን ሰው ስሙን ቀርቶ የጫማውን ቀለም አልረሳም። ይሁን እንጂ እናቴ አንድ ጊዜ ሰው ለታቦት ሰጥታ ነበር፤ የሰጠችውንም መልሳ ስትቀበል በዐይኔ አይቻለሁ። ስለ ፍርድ የማውቀው ነገር ካለ ከዚያ የመጣ ነው።

እናቴ ከአሰላ በላይ፣ ከጭላሎ ግርጌ ባለ መንደር የምትኖር ባልቴት ናት። አያቶቿ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩበት መሬት ላይ ዛሬም ገብስ ታርሳለች፤ ማለቴ ታሳርሳለች፣ ግን ሞፈሩን ከሚይዘው ሰው ይልቅ እሷ ናት የምትደክመው፣ ከዳር ቆማ ስትናገር። ምላሷ ስል ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር እሷ ያለችበት ስብሰባ ላይ ንግግሩን ያሳጥራል። እኔም ሱቄን ዘግቼ እሷን ለማየት ስወጣ፣ መንገድ ላይ ምን እንደምትለኝ እየገመትኩ ነው የምሄደው፤ ገምቼም አግኝቼው አላውቅም።

ማሳችን የሚዋሰነው ከክርስትና አባቴ ማሳ ጋር ነው። በአርባ ቀኔ አቅፈው ያስጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። ማጭድ መሳል ያስተማሩኝም እሳቸው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳልፍ በግ አርደው ዘመድ የጠሩልኝም እሳቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን በሁለቱ ማሳዎች መካከል ባለችው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ምክንያት ከእናቴ ጋር ተኳረፉ። በክረምት ቦይዋ ወደ እሳቸው ስትገፋ እሳቸው ወደ እኛ ይመልሷታል፣ እሷ ደግሞ በማግስቱ ወደ እሳቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። በመጨረሻው ሸንጎ ላይ የክርስትና አባቴ በንዴት ብድግ ብለው፣ «ይህ ገብስ ጎተራሽ ከገባ እኔ ወንድ አይደለሁም» አሉ። ይህን ሁሉም ሰምቷል።

የዚያ ዓመት ገብስ ጎተራ አልገባም። ታጭዶ ዐውድማው ዳር ተከምሮ ሳለ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መንደሩ በሙሉ ሠርግ ላይ እንደተቀመጠ ክምሩ ተቃጠለ። ጭሱን አይተን ስንሮጥ ለማጥፋት የሚሆን ነገር አልቀረም ነበር። ያቃጠለውን ያየ ሰው አልተገኘም። ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ከክምሩ አመድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የቀበሌያችን ታቦት ገብርኤል ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመች፤ ቋጠሮዋን ፈታ አመዱን ደረጃው ሥር ደፋችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ገብርኤል ሆይ፣ አንተ እሳት ታውቃለህ። ክምሬን ያቃጠለውን ላንተ ሰጥቻለሁ» አለች። ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ የሕዝቡ ዐይን በአንድ ጊዜ ነው ወደ ክርስትና አባቴ የዞረው። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ወጡ። የነፍስ አባታችን መጥረጊያ አስመጡ።

በዓመቱ ኅዳር አጋማሽ ላይ የክርስትና አባቴ ገበያ ውለው ሊመለሱ ሲሉ፣ አንድ እግራቸውን እርካቡ ላይ እንዳሳረፉ ከፈረሳቸው ሥር ወደቁ። ግራ ጎናቸው ከዳቸው፤ አፋቸው ተጣመመ። አሰላ ሆስፒታል አምጥተናቸው ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ፤ ለረጅም ጊዜ ሳይታከም የቆየ። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግማሽ ልቤ «የእጅዎን አገኙ» ሲል ግማሹ አልቅስ አልቅስ ይለኝ ነበር፤ ሁለቱንም ይዤ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

መንደሩ ግን ልቡ አልተከፈለም። «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» ተባለ። «ገብርኤል ዓመት ሙሉ ሲያጠናው ቆይቶ ፈረደ» ተባለ። እናቴም በአንድ ጊዜ ዝነኛ ሆነች። ከሁሩታ ላሟ የተሰረቀባት ሴት ገመዱን ይዛ መጣች፤ ሌባውን እናቴ እንድትሰጥላት፣ «ያንቺ ቃል ይደርሳል» ብላ። ከጎበሳ በውርስ ከወንድሙ የተጣላ ሰው ከመሬቱ አፈር በፌስታል ቋጥሮ መጣ። አንድ ወጣትም ስልኩን ደግኖ፣ «እማማ፣ ተአምሩን ከመጀመሪያው ይንገሩን፤ ሕዝብ ይማርበት» አላት። እናቴ ወጣቱን ወደ በሩ፣ አፈሩን ወደ ማሳው፣ ባለ ላሟን ወደ ፖሊስ ሰደደቻቸው። «እኔ የገብርኤል ጸሐፊ አይደለሁም» አለቻት ባለ ላሟን፤ ሴትዮዋ ተቀይማ ነው የሄደችው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ያስፈራል። አንድ ቀን በስልክ ደወለችልኝ።

«ሐኪሙ ምንድን ነው ያለው?»

«ደም ግፊት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዘው?»

«ቆይቷል አሉ። ዓመታት ሳይሆን አይቀርም።»

«ከክምሩ በፊት?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ገብርኤል እኔ ሳልከስስ ነው ፋይል የከፈተበት» ብላ ዘጋችው።

እየቀለደች መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ወጥቼ ሳያት ግን መቀለዷ እንዳልሆነ ገባኝ። ፊቷ ከስቷል። የክርስትና አባቴ ገብስ ደርሶ፣ አልፎበት፣ ዛላው እየተሰበረ መሬት ላይ መርገፍ ጀምሯል። ማሳው ኮምባይን የማይወጣው ተዳፋት ላይ ነው፤ በማጭድ ካልሆነ አይነሣም። ልጆቻቸው አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ ቤይሩት ናቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን መንደሩ ደቦ ወጥቶ በአንድ ቀን ያነሣላቸው ነበር፤ እኛ ዘንድ የታመመ ሰው እህል ሜዳ ላይ አይቀርም። አሁን ግን የሚቀርብ ጠፋ። ታቦት የመታውን ማገዝ ከታቦት ጋር መጣላት ነው ተባለ። ባለቤታቸው ብቻቸውን፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጎንበስ ብለው ዳር ዳሩን ሲያጭዱ እናቴ አየቻቸው። እንደምን ዋልሽ ብትላቸው ቀናም አላሉ።

«እኔ የሰጠሁት አንድ ሰው ነው» አለችኝ እናቴ። «ክምሬን ያቃጠለውን። እሷ ምን አደረገችኝ? ከብቶቹስ ምን አደረጉኝ? ገለባ የላቸውም እኮ። ገብርኤል ቢሆን አይስትም። በሽታው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ይህኛው ግን የሰው ምት ነው።»

ይህን ስትል ጎንበስ ብላ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እኔ ቂመኛው ልጇ፣ እውነቷን ነው ማለት አቃተኝ። አምና አመዷን ቋጥራ ስትሄድ ዕንባዋን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ዓመት ሙሉ እህል ገዝተን መብላታችንን የማውቀውም እኔ ነኝ። እሷ ግን የኔን መስማማት አልጠበቀችም። በማግስቱ ከከተማ አጫጅ ቀጥሬ እንድልክ አዘዘችኝ፣ ማን እንዳዘዘም እንዳልናገር።

አጫጆቹን አሰላ መናኸሪያ አጠገብ አገኘኋቸው፤ ከሌላ አገር ለመኸር የመጡ ጉልበተኞች ናቸው። በጭነት መኪና ወጣን። ማሳው ከመድረሳችን በፊት መንደሯ ውስጥ ባለችው ሻይ ቤት ለቁርስ ተቀመጡ፤ እኔም ሞኝ ነኝና ፈቀድኩላቸው። ሻዩ ሳያልቅ ሁሉን ሰምተዋል። አለቃቸው ማጭዱን በጨርቅ መልሶ ጠቀለለና፣ «ወንድሜ፣ እንጀራችን ይሄው እጃችን ነው። ቢደርቅብን ማን ያበላናል?» አለኝ። ተቆጣሁ፣ ተሳደብኩ፣ ተለማመጥኩ። መኪናው ይዟቸው ወረደ።

እናቴ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። አጥሚት ሠርታ በፔርሙስ ሞላችና፣ «ተነሥ፣ እንሂድ» አለችኝ። ወደ ክርስትና አባቴ ቤት መሆኑን ያወቅሁት ቦይዋን ስንሻገር ነው። በቦይዋ ከተጣሉ ወዲህ እናቴ ተሻግራት አታውቅም።

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልታይው ነው የመጣሽው?» አሏት።

«አዎ» አለች እናቴ። «በኔ ቃል ነው የወደቀው እያሉ ያወራሉ። ምን እንዳደረግሁ ላየው መጣሁ።»

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ከበሩ ዞር አሉ።

የክርስትና አባቴ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ያ ትከሻ፣ ያ ኩንታል አንሥቶ ፈረስ የሚጭን ትከሻ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ጠፍቷል። እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ አጥሚቱን በማንኪያ ሰጠቻቸው። በተጣመመው ጎን ይፈስሳል፤ በነጠላዋ እየጠረገች ትሰጣቸዋለች። ግማሹን ከጠጡ በኋላ አንዲት ቃል ተናገሩ፤ ቃሏን ለማውጣት ፊታቸው ሁሉ ታገለ።

«ተፈረደብኝ» አሉ።

ባለቤታቸው ከማእዘኑ ሆነው ነገሩን ጨረሱት። የነፍስ አባታችን ሊያዩዋቸው መጥተው ነበር፣ ንስሐ ሊሰጧቸው፣ ሊያቆርቧቸውም አስበው። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው እንቢ አሉ። የተፈረደበት ሰው ንስሐ ምን ይሠራለታል ነው የሚሉት። አልቋል፤ መዝገቡ ተዘግቷል። የቀረው መሞት ነው።

እናቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። ስንወጣ ቦይዋ ጋ ደርሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አልፋ አልሄደችም። «በቁሙ ገነዝሁት» አለች። አልቅሳ አታውቅም አልልም፤ እንደዚያ ስታለቅስ ግን አይቻት አላውቅም። ሰው ክምሯን ቢያቃጥል እሷ ገብስ ነው ያጣችው። እሳቸው ግን በእሷ ቃል ምክንያት እግዚአብሔርን አጥተው ሊሞቱ ነው፤ ይህ ነበር ያስለቀሳት።

እኔ መቼም የከተማ ሰው ሆኛለሁ፣ ስብከት በየመንገዱ እሰማለሁ። አሰላ ውስጥ ቅዳሜ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ ስለ ፍርድ ቀን የሚሰብክ አይጠፋም። ስልኬ ላይም እገሌ የተባለው ሰው ባፌዘ በማግስቱ እንዴት እንደተቀጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክልኛል፤ ላኪዎቹ «አሜን በሉ» ይላሉ። የሁሉም እግዚአብሔር የላኪውን ጠላት የሚያውቅ፣ የላኪውን ጠብ የሚጣላ ነው። እናቴ እንደዚህ ዓይነት ቪዲዮ አይታ አታውቅም፤ ብታይ ግን የምትለውን የማውቅ ይመስለኛል። እሷ ራሷ የቪዲዮው ተአምር ልትሆን ነበር፤ ዝናውን አልፈለገችውም።

ያን ዕለት ከቦይዋ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታችን ሄደች። ሽማግሌ ናቸው፤ ደግ፣ ሰው እንዳይቀየም የሚፈሩ።

«አባቴ፣ ቃሌን ላነሣ ነው» አለቻቸው።

«መልካም ልጄ፣ በልብሽ አንሺው። እግዚአብሔር ይሰማል።»

«እግዚአብሔርማ ድሮም አልሰማኝ ይሆናል። የሰማኝ መንደሩ ነው። የታመመውም ሰው ሰምቶኛል። በሰሙበት ቦታ፣ በገብርኤል ዕለት ነው የማነሣው።»

«በንግሥ ቀን? ሴት ቆማ? ሕዝቡ ምን ይላል?»

«ስረግም ምንም አላለ።»

እሳቸው መስቀላቸውን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» አሏት። «ይመለሳል ብለሽ ነው?»

«አፋፍም ቢሆን ወጥቼ አመጣዋለሁ» አለች። ከዚያ እግራቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዟትና፣ «አጭር አድርጊው» ብቻ አሉ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ነጭ በነጭ ሆኖ ግቢው ሞላ፤ ታቦቱ ወጥቶ ዞሮ በሩ ጋ ሲቆም እልልታው ጭላሎን የሚነቀንቅ ይመስል ነበር። የዕለቱ ምንባብ ተነበበ፤ ስለ ሦስቱ ልጆችና ስለሚነደው እቶን፣ መልአኩም ወርዶ እሳቱን እንዴት እንዳበረደላቸው። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ታሪክ ነው። እኔ እንኳ ሲነበብ ስለ አንድ ደንበኛዬ ችንጋ እያሰብኩ ነበር። ምንባቡ እንዳለቀ የነፍስ አባታችን እጃቸውን አንሥተው ሕዝቡን ዝም አሰኙ፤ እናቴም አምና አመድ የደፋችበት ቦታ ላይ ቆመች።

«አምና እዚህ አመድ የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ያን ጊዜ ገብርኤልን አንተ እሳት ታውቃለህ አልሁት። አሁን ሲነበብ ሰማችሁ። እሱ እሳት ያጠፋ ነው እንጂ ያነደደ አይደለም። በማይሠራው ሥራ ነው የጠራሁት። ክምሬን ያቃጠለው ማንም ይሁን ማን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ቃሌንም አንሥቻለሁ። የታመመው ሰው ደግሞ ታሟል፣ በቃ፤ እናንተም ነገ ትታመማላችሁ። እህሉ ሜዳ ላይ የቀረው ግን እግዚአብሔር ፈርዶ አይደለም። እኛ ፈርደን ነው። እኔ ነገ ማጭዴን ይዤ እሄዳለሁ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው፣ «ለታቦት የተሰጠ ደግሞ ይመለሳል እንዴ?» አሉ።

«ስሰጥ ያልጠየቃችሁኝን ስመልስ ትጠይቁኛላችሁ?» አለቻቸውና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ሳቁ እንዳያመልጠው ሁሉም አፉን ያዘ። እኔ ግን እውነት ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም። ሰው ሲበደል መጮኹ ብርቅ አይደለም። ሁሉም «ደርሶልሻል» እያለ ሲያጨበጭብላት ድሏን አውጥታ የጣለች ሰው ግን ሌላ አላየሁም።

በማግስቱ ማለዳ እኔና እሷ ብቻ ነበርን ማሳው ላይ። ባለቤታቸው ሲያዩን ምንም ሳይሉ ከጎናችን ገቡ። እናቴ ወገቧን ይዛ ታጭዳለች፣ እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ማጭድ ስላልነካሁ መዳፌ ወዲያው ቆሰለ። መንደሩ ከየአጥሩ ያየናል። በመጨረሻ ከታችኛው መንደር ጎረቤታችን ሐጂ ከልጆቻቸው ጋር ማጭድ ይዘው ብቅ አሉ።

«ገብርኤላችሁ ከኛ ጋር ጉዳይ የለውም» አሉ ሐጂ እየሳቁ። «ብናጭድ አይከፋው።»

«ለናንተም ያው ነው፤ ጅብሪል እያላችሁ ትጠሩት የለም ወይ?» አለች እናቴ ሳትቀና።

«ያ ረቢ፤ እንግዲያው አብረን ነዋ የምንመታው» አሉና ሸሚዛቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ልጆቻቸው በኦሮምኛ የደቦ ዘፈን ጀመሩ። ከዚያ አንድ ክርስቲያን ጎረቤት መጣ፣ እያፈረ፤ ከዚያ ሌላው። ፀሐይ ሲበረታ በዳገቱ ላይ ሰው ከነዶ ይበዛ ነበር። ትናንት የጠየቋት ሽማግሌም መጡ፤ ማጨድ ባይችሉም ውሃ ያድላሉ።

የክርስትና አባቴ ዘፈኑን ሰምተው አውጡኝ አሉ። በወንበር ተሸክመን ከደጃፋቸው አስቀመጥናቸው። ማሳው ላይ የተሰለፈውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ከመሃል እናቴን አዩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ የለውም፤ ዕንባው ብቻ በተጣመመውም በደህናውም ጉንጫቸው ይወርድ ነበር። እናቴን እንድንጠራላቸው በእጃቸው ጠቆሙ። መጣች፤ እጇ ላይ ገለባ እንዳለ አጠገባቸው ተንበረከከች። እኔ ከኋላቸው ወንበሩን ይዣለሁ።

«ክምሩ...» አሉ። «ያንቺ ክምር...»

እናቴ መዳፏን አፋቸው ላይ አደረገች። «እሱን ለኔ አትንገረኝ» አለች። «ያላጠፋኸውም ከሆነ፣ ያጠፋኸውም ከሆነ፣ ለኔ አይደለም የሚነገረው። አባን አስጠርቼልሃለሁ፤ መንገድ ላይ ናቸው።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። አንድ ቃል ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ዓመት ሙሉ መንደሩ የተከራከረበት፣ ፖሊስ ያጣው፣ እኔ ሱቄ ተቀምጬ ያብሰለሰልሁት ነገር ከአፋቸው ሊወጣ ሲል መለሰችው። ልጮኽባት ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ተነሥታ ገለባውን ከእጇ አራገፈችና ወደ ማጭዷ ተመለሰች።

የነፍስ አባታችን መጡ። የክርስትና አባቴ በዚያ ጊዜ ፊታቸውን አላዞሩም። መልሰን ቤት አስገባናቸው፤ አባ በሩን ዘግተው ብዙ ቆዩ፤ ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቶ ነበር፣ የሰሙትን ግን ፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ የንስሐ ነገር ነውና አይነገርም። በሚቀጥለው እሑድ በወንበር ተሸክመን አስቆረብናቸው። ከፋሲካ በኋላ በሰላም ዐረፉ። በቀብራቸው ቀን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሞልቶ ነበር፤ «ገብርኤል ፈረደበት» ያለ ሰው አልሰማሁም።

በዚህ ዓመት እናቴን ልጠይቅ ወጥቼ ለዘር የሚሆን ገብስ እየለቀመች አገኘኋት። ያ ነገር ዛሬም ሆዴን ይበላኛል። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ይባላል፤ የኔ ሳል አልለቀቀኝም።

«እማዬ፣ እውነት ማን እንዳቃጠለው ማወቅ አትፈልጊም?» አልኳት።

«አልፈልግም።»

«እሺ፣ በመጨረሻው ቀንስ? ከክርስትና አባቴ ጋር ፊት ለፊት ትቆሙ የለም? እንዴት ነበር ተብለሽ ብትጠየቂ ምን ልትይ ነው?»

ከሰፌዱ ላይ ጠጠር አንሥታ ወደ ውጭ ወረወረች።

«ያላየሁትን አልመሰክርም» አለች። «ሲያቃጥል አላየሁትም። ገብሱ ሲታጨድለት ሲያለቅስ ግን በዐይኔ አይቻለሁ። ከተጠየቅሁ የምናገረው እሱን ነው።»